የፓርክ ጠባቂው ሳጥናችንን ለምን አነሳብን?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል፦ "ከልጄ ጋር ጂኦካሺንግ የሚባለውን፣ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ሳጥን የመፈለግ ጨዋታ ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። በምናዘወትረው የሕዝብ ፓርክ ውስጥ አምስት ሳጥኖች ደብቀናል። አንዱ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ፣ አንዱ የበሰበሰ ግንድ ሥር፣ አንዱ የድሮ የድንጋይ ካብ መሃል፣ አንዱ ከእንጨት ድልድይ ሥር፣ አምስተኛው ኩሬው ዳር ሸምበቆ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት የዛፉን ልናይ ስንሄድ የለም። በቦታው 'ሳጥንዎ ቢሮ ነው፤ እባክዎ ይደውሉ' የሚል ወረቀትና ስልክ ቁጥር አገኘን። ልጄ አለቀሰ። እኔም ተናደድኩ። ፓርኩ የሕዝብ አይደለም እንዴ? አንዲት ትንሽ ሳጥን ማንን ጎዳች? ልደውል ወይስ ዝም ብዬ ሌላ ቦታ ልደብቅ?"

ይደውሉ። ሌላ ቦታ አይደብቁ። ለምን እንደሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት፤ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው።

እኔ ለዓመታት በፓርክ ጠባቂነት ሠርቻለሁ። በእረፍት ቀኔ ደግሞ ጂፒኤስ ይዤ ሳጥን ፍለጋ እወጣለሁ። የደበቅኳቸውም አሉ። ስለዚህ የእርስዎ ንዴት ይገባኛል። ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው ምን አይቶ እንደጻፈውም ይገባኛል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ሳጥን ይደብቃል። ውስጡ ደብተር ይኖራል፤ አንዳንዴም ለልዋጭ የሚሆኑ ትናንሽ ነገሮች። የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታው ካርታ ላይ የት እንዳለ የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ይፈልጋል። ሲያገኘው ስሙን ጽፎ እንደነበረ ይመልሰዋል። ሳጥኑ "ካሽ" ይባላል፤ ከገንዘቡ ካሽ ጋር ዝምድና የለውም፣ የተደበቀ ዕቃ ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2 ቀን 2000 አቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ኮኦርዲኔቱን ለሌሎች አሳወቀ። የሚገርመኝ ነገር አለ። ያ የመጀመሪያው ባልዲ በከፊል መሬት ውስጥ የተቀበረ ነበር፤ ውስጡም የባቄላ ጣሳ ነበረበት። ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ፣ ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድም መሬት ቆፍሮ መቅበር፣ በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው። ጨዋታው ራሱ እየተማረ ነው የመጣው። እርስዎና እኔም እንዲሁ።

"ፓርኩ የሕዝብ አይደለም እንዴ?" ብለዋል። ነው እንጂ። የሕዝብ ስለሆነ ነው ጠባቂ የተቀጠረለት። የእርስዎና የልጅዎ የሆነውን ያህል፣ ስለ ጨዋታው ሰምተው የማያውቁት አዛውንት፣ ወፍ ለማየት የምትመጣው ሴትዮ፣ ገና ያልተወለዱት ልጆችም ፓርክ ነው። ጠባቂው የሁሉንም አደራ ይዟል። እዚያ ውስጥ ዕቃ ትቶ መሄድ፣ ዕቃው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ እሱን ይመለከተዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ዕቃን ከ24 ሰዓት በላይ ጥሎ መሄድ በፓርኮቹ ደንብ የተከለከለ ነው። ደንቡ ሲጻፍ ስለ ጂኦካሺንግ ታስቦ አይደለም፤ ግን የተደበቀ ሳጥንንም ይይዛል። እዚያ ያለ ፓርኩ ኃላፊ ፈቃድ ሳጥን አይቀመጥም። ሌላ ፓርክ ዘንድ ቅጽ መሙላት ይበቃል። ሌላው ጋ ደግሞ ከጠባቂው ጋር ተነጋግሮ መስማማት ብቻ ነው የሚፈለገው። አንዱ ፓርክ የፈቀደውን ጎረቤቱ ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበልዎት፣ አይቀየሙኝ። ካሾቹን ሲያስመዘግቡ ከመሬቱ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ፈቃድ እንዳለዎት ተስማምተው ነው ያለፉት። ብዙ ሰው ያንን መስመር ሳያነብ ነው የሚያልፈው። ካሹን ተመልክተው የሚያጸድቁት ገምጋሚዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቦታው ድረስ ሄደው አያዩም። ያሉዋቸውን አምነው ነው ያወጡት። ስለዚህ ጠባቂው በእርስዎ ላይ የመጣ ሰው አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት፣ ግን ያልተጠየቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። "አንዲት ትንሽ ሳጥን ማንን ጎዳች?" ሳጥኗ ብቻዋን ማንንም አልጎዳች ይሆናል። ጠባቂው ግን ከሳጥኗ በፊት የሚያየው ሌላ ነገር አለ። ከመንገዱ እስከ ሳጥኗ ያለውን መሬት ነው የሚያየው።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። በምሠራበት ፓርክ ውስጥ ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ የወደቀ ትልቅ ግንድ ነበር። ሞስ የሚባል አረንጓዴ፣ እርጥብና ለስላሳ ተክል ከላይ እስከ ታች ለብሶ ነበር። አንድ ሰው ሥሩ ሳጥን ደበቀ። ጥሩ ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ፣ ደብተሩ ደረቅ፣ ላዩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ሦስት ወር ያህል ቆይቼ በዚያ ሳልፍ ግን መጀመሪያ ያየሁት መስመር ነው። ከመንገዱ ተገንጥሎ በቀጥታ ወደ ግንዱ የሚወስድ፣ ቅጠሉ ተረግጦ አፈሩ የወጣ ቀጭን መስመር። ጠጋ ብዬ ግንዱን አየሁት። ያ አረንጓዴ ልብሱ እንደተቀደደ ምንጣፍ ተንጠልጥሏል። ቅርፊቱ እየተላጠ ተጥሏል። በዙሪያው ያሉ ድንጋዮች ተገልብጠው ነጣ ያለው ሆዳቸው ወደ ሰማይ ዞሯል። ከሥራቸው የነበሩት ትላትሎች የሉም፤ የነበሩበት እርጥብ ጉድጓድ ደርቋል። ሳጥኑን ከፍቼ ደብተሩን ቆጠርኩ። ሠላሳ አምስት ስም አልሞላም። ማንም ሆን ብሎ ያበላሸ የለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ አንድ ቅርፊት ገለጥ አድርጎ አይቶ ነው የሄደው። ጥቂት ቆም ብዬ ሳለሁ አንዲት እናት ልጇን ይዛ በዚያ መስመር ገባች። "ወዴት ነው?" ብላት "ይሄ መንገድ የት ያደርሳል ብለን ነው" አለችኝ። እሷ ጨዋታውን አታውቀውም። መንገድ መስሏት ነው።

ያቺ እናት ናት ነገሩን በደንብ ያስረዳችኝ። አንድ ጊዜ መስመር ከወጣ በኋላ ሳጥኑ ቢነሳም ሰው መሄዱን አይተውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በመረገጥ ጉዳት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደግመው ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ጉዳቱ ከሰው ቁጥር ጋር እኩል እየጨመረ አይሄድም። አብዛኛው የሚደርሰው ገና በመጀመሪያዎቹ እግሮች ነው። ያልተረገጠ ለስላሳ መሬት ላይ ጥቂት ሰዎች ሲመላለሱ ተክሉ ይሞታል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል። ከዚያ በኋላ መቶ ሰው ቢጨመር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የሚጎዳው ተጎድቷል። በተገላቢጦሹ ደግሞ ቀድሞ በተጠቀጠቀ መንገድ ላይ ሺህ ሰው ቢሄድ ለውጡ እምብዛም አይታይም። "የኔን ካሽ የሚፈልገው በወር ሁለት ሰው ነው፣ ምን ያመጣል?" የሚለው ሐሳብ እዚህ ጋ ይወድቃል። በወር ሁለት ሰው ለስላሳ መሬት ላይ ይበቃል። በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሳለ።

የጂፒኤሱን ስህተትም ይጨምሩበት። ክፍት ሰማይ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ስህተት አምስት ሜትር አካባቢ ነው። ዛፍ ሥር ይብሳል። እርስዎ ሲደብቁ አምስት ሜትር ቢሳሳት፣ ፈላጊው ሲመጣ ሌላ አምስት ሜትር ቢሳሳት፣ ፈላጊው የሚያስሰው አሥር ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሊሆን ይችላል። ያ ከ300 ካሬ ሜትር በላይ መሬት ነው። አንዲት በመዳፍ የምትያዝ ሳጥን ለማግኘት ያን ሁሉ ቦታ እያገላበጡ ማለት ነው። ስለዚህ ኮኦርዲኔቱን በአንድ ጊዜ ንባብ አይውሰዱ። ስልኩን ቦታው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ይታገሱ፤ በሌላ ቀን ተመልሰው ደግመው ይውሰዱና አማካዩን ያውጡ። ፍንጭም አይንፈጉ። "ከድንጋይ ሥር" የሚል ፍንጭ ያለው ሰው ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ያነሳል። "ከመንገዱ ሳይወጡ፣ ከአጥሩ ሦስተኛ ቋሚ በስተጀርባ፣ ጉልበት ከፍታ ላይ" የሚል ፍንጭ ያለው ሰው እጁን አንዴ ነው የሚዘረጋው። ፍንጭ ጨዋታውን ያቀለዋል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ጨዋታውን ማክበድ ከፈለጉ እንቆቅልሹን ያክብዱት እንጂ መሬቱን ዋጋ አያስከፍሉት።

አሁን አንድ አስቸኳይ ነገር። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ እንኳ አፑን ይክፈቱና የተነሳውን ካሽ "ለጊዜው የማይሠራ" ያድርጉት። ሳጥኑ ቢሮ ነው፤ ኮኦርዲኔቱ ግን አሁንም ኢንተርኔት ላይ ነው። ሰው እየመጣ የሌለ ነገር እየፈለገ ነው። የሌለ ሳጥን ካለ ሳጥን ይበልጥ ቦታ ያስጎዳል። ያለውን ያገኘ ሰው ፈርሞ ይሄዳል፤ የሌለውን የሚፈልግ ግን ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ ያገላብጣል፣ በማግስቱም ጓደኛ ይዞ ይመለሳል። ጠባቂዎችን በጣም የሚያስመርረው ይሄ ነው። ሳጥኑን አንስተው ሰዉ መምጣቱን አላቆመም። ካሹ ጨርሶ እንዲዘጋ ከተወሰነም ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ሳጥኑን ራስዎ ሄደው ከመሬት ያንሱት። ቀድሞ ኮኦርዲኔቱን ስልኩ ላይ አውርዶ የያዘ ሰው ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ ገጹ ላይ ሳጥኑ መነሳቱን በግልጽ ይጻፉ።

ወደ አምስቱ ሳጥኖችዎ እንሂድ።

የዛፉ ቀዳዳ። ጠባቂው ይህንን አስቀድሞ ያነሳው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የዛፍ ቀዳዳ ቤት ነው። ወፍ ይፈለፍልበታል፣ የሌሊት ወፍ ቀን ይተኛበታል። እዚያ እጅ የሚከት ሰው ሁሉ የሰው ቤት በር ሳያንኳኳ እንደገባ ነው። በጫጩት ወቅት ወላጆቹ ተረብሸው ጎጆውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። ይህን ቦታ ይርሱት። በሌላ ዛፍ ቢሆንም በሚስማር ወይም በብሎን ሳጥን አይምቱበት፤ ቁስሉ ለበሽታ በር ይከፍታል፣ ደንቡም አይፈቅድም።

የበሰበሰው ግንድ። ከላይ ያወራሁት ስለዚህ ዓይነቱ ነው። የሞተ እንጨት የሞተ ይመስላል እንጂ ከጫካው ሕይወት ብዙው ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ፈንገሱ፣ ጥንዚዛው፣ እርጥበት የሚወዱ ትናንሽ እንስሳት ሁሉ። ያንሱት።

የድንጋይ ካቡ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ያለ ሲሚንቶ የተሠራ ካብ አንዱ ድንጋይ አንዱን ደግፎ ነው የሚቆመው። አንድ ፈላጊ ድንጋይ ሲመዝ ሌላው ይላላል። የሚቀጥለው ሰው የተነቃነቀውን ድንጋይ አይቶ "እዚህ ነው" ይላል፤ እሱም ይመዝዛል። ካቡ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ይናዳል። የድሮ ካብ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ከፓርኩም ያልፋል። ጠባቂው ራሱ ከማግኘቱ በፊት እርስዎ ይንገሩት። አብራችሁ ሄዳችሁ አውጡት። የተነቃነቀ ድንጋይ ካለ በራስዎ አያስተካክሉት፤ ለሚያውቅ ይተዉት።

ድልድዩ። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ፍርሃት ይሄዳል። ሰው ጎንበስ ብሎ ድልድይ ሥር አንድ ነገር ሲያስቀምጥ ያየ ሌላ ሰው ምን ያስባል? እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ካሽ ሲነካካ ታየና ፖሊስ ተጠራ። ፈንጂ አምካኞች መጥተው ያቺን ትንሽ ሳጥን አፈነዷት። መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ከአካባቢው ወጣ፣ ሁሉም ደነገጠ። ሳጥኗ ውስጥ ምንም ክፉ ነገር አልነበረም። ጠባቂው ሳጥኑ እዚያ እንዳለ ቢያውቅ "አውቀዋለሁ፣ የጨዋታ ሳጥን ነው" ብሎ በአንድ ስልክ ሊገላግል ይችላል። ካላወቀ እሱም ከሌላው ጋር ይሸሻል። ውስጡ የሚታይ ሳጥን ይጠቀሙ። ላዩ ላይ የጨዋታው ሳጥን መሆኑን፣ የካሹን ስምና እርስዎን ማግኛ መንገድ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። የጥይት ሳጥን ከሆነ የወታደር ጽሑፉን ያጥፉት። በቴፕ የተጠቀለለ ቱቦ በጭራሽ አይጠቀሙ። እንዲያም ሆኖ ድልድይን አልመክርም፤ ብሎኑን የሚፈትሸው ሠራተኛ ሥሩ ያልጠበቀውን ነገር ማግኘት የለበትም።

ሸምበቆው። ይህን ነገ ሳይሆን ዛሬ ያንሱት። ሸምበቆ ውስጥ የውሃ ወፎች መሬት ላይ፣ ዝቅ ብለው ነው የሚፈለፍሉት። እንቁላሉ የሸምበቆ መልክ ስላለው ፈላጊው ሳያይ ይረግጠዋል። የኩሬ ዳር አፈርም በቀላሉ ይናዳል። ሲሄዱ ልጅዎን መንገዱ ላይ ያቁሙትና እርስዎ ብቻ ይግቡ፤ በገቡበትም ይውጡ።

ውስጡ ያለውንም ይፈትሹ። ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ሻማ ካለ ይወገድ። እኛ ያልሸተተን ለአይጥ፣ ለዝንጀሮ፣ ለድብ ይሸታል። ታኝኮ የተበታተነ ፕላስቲክ ስለቅም የዋልኩበት ቀን አለ፤ መጨረሻው ላይ ያገኘሁት የማስቲካ ወረቀት ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ። ብዙ ሰው ጠባቂ ዘንድ የሚሄደው ሊከራከር ነው፤ ወይም ሊለማመጥ። ሁለቱም አያስፈልጉም። ለሥራ ጉዳይ እንደሚሄድ ሰው ይሂዱ። አንድ ቀን ቢሮዬ አንድ ሰው ከሴት ልጁ ጋር መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ የፓርኩን ካርታ ዘረጋ። በእርሳስ ስድስት ነጥብ አድርጎበታል። ከነጥቦቹ ጎን ፎቶ አያይዟል፤ አንዱ ቦታውን ከመንገዱ ቆሞ ያነሳው፣ አንዱ ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ጠጋ ብሎ። አንድ ሳጥንም ይዟል። "እስካሁን ምንም አልደበቅኩም። የትኛው ቦታ ይጎዳብዎታል?" አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሦስቱን ነጥብ ሰረዝኩ። አንደኛው በወቅቱ ለችግኝ ልናጥር ያሰብነው ቦታ ነበር፤ እሱ ይህን ማወቅ አይችልም ነበር፣ እኔ ካልነገርኩት። በምትኩ ሌላ ሁለት ቦታ አሳየሁት። አንዱ ሰው የማይደርስበት ግን መንገዱ ጠንካራ የሆነ፣ ቁልቁል ሸለቆው የሚታይበት ቦታ ነው። እዚያ ሰው ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ዋናው በር አካባቢ ያለው መጨናነቅ ይቀንሳል። ሳጥኖቹ ዓመታት ቆዩ። ልጅቱ አድጋ ብቻዋን እየመጣች ደብተር ትቀይር ነበር።

እርስዎም ይህን ይዘው ይሂዱ፦ የእያንዳንዱን ቦታ ኮኦርዲኔት፣ ፎቶ፣ የሳጥኑን ዓይነትና መጠን፣ ከመንገዱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ በምን ያህል ጊዜ እየሄዱ እንደሚያዩት፣ ስልክዎን፣ እርስዎ ቢታመሙ ወይም ከአካባቢው ቢለቁ ማን እንደሚያነሳው። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ጠባቂ ግን ባለቤታቸው የጠፋ፣ ውሃ የሞላባቸው፣ ደብተራቸው የሻገተ ሳጥኖችን ብዙ አይቷል። "የኔ እንደዚያ አይሆንም" ከሚል ቃል ይልቅ የሁለተኛ ሰው ስልክ ያሳምነዋል።

ከዚያ ይጠይቁት። በዓመቱ ውስጥ የሚዘጋ ክፍል አለ? ወፎች የሚፈለፍሉበት ወር የትኛው ነው? ፓርኩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ይህንን ሁሉ ካሹ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ጨዋታው ሌሊትም ይቻላል የሚል ፈላጊ አለና፣ የመዝጊያ ሰዓቱን ካልጻፉ በባትሪ የሚዞር ሰው ማታ ጠባቂውን ከአልጋው ያስነሳዋል። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ቢኖረው አይክፋዎት። እኔ ራሴ ገደብ እወዳለሁ፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ሳጥኑ ቦታ ቢቀይር መሬቱ ያርፋል፣ ፈላጊዎችም አዲስ ነገር ያገኛሉ። ፈቃድ ሲያገኙ የፈቀደልዎትን ክፍልና ቀኑን ገጹ ላይ ይጻፉ። ሌላ ፈላጊ ሲያይ እሱም ሲደብቅ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ስንት ሳጥን? በጨዋታው ደንብ ሁለት ሳጥኖች ቢያንስ 161 ሜትር መራራቅ አለባቸው። ያ ግን ዝቅተኛው ነው፤ ፓርኩ ይህን ያህል ይችላል ማለት አይደለም። አምስቱን አንድ ላይ ለማስመለስ አይሞክሩ። በሁለት ይጀምሩ። ሁለቱ በደንብ ከተያዙ ሦስተኛ ይጨመር የሚለውን ሐሳብ ራሱ ጠባቂው ያቀርብልዎታል።

ባዶ እጅዎን ላለመሄድ ከፈለጉ የሚሰጡት ነገር አለዎት። ጂኦካሸሮች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ "ካሽ ፈልግ፣ ቆሻሻ ይዘህ ውጣ" የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ተሰብስበው ፓርክ ያጸዳሉ፣ መጤ አረም ይነቅላሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ለጠባቂው "ከጓደኞቼ ጋር አንድ ጠዋት መጥተን የቱን እንሥራልዎት?" ይበሉት። ግን እባክዎን ሥራውን እሱ ይምረጥ። በቅን ልቦና የመጡ ሰዎች አረም መስሏቸው ስንት የሚፈለግ ተክል ነቅለው ያውቃሉ። ሌላው ስጦታ ዓይንዎ ነው። እርስዎና ፈላጊዎቹ ጠባቂው በሳምንት አንዴ የሚደርስበት ቦታ ትሄዳላችሁ። የወደቀ ዛፍ፣ የተሰበረ አጥር፣ የተቆረጠ ግንድ ስታዩ ፎቶና ኮኦርዲኔት ላኩለት። "ድልድዩ አጠገብ" ከሚል ጥቆማ ይልቅ ትክክለኛ ኮኦርዲኔት ያለው ጥቆማ ግማሽ ቀን ይቆጥብለታል።

ምናልባት ፈጽሞ አይሆንም ሊል ይችላል። ያ መልስ ነው፤ ይቀበሉት። ምክንያቱን ይጠይቁ፣ አይከራከሩ፣ ቆይተውም በሌላ ስም አይደብቁ። አንድ ሰው ሲደብቅ ከተያዘ የሚቀጥለው አሥር ሰው በር ይዘጋበታል። ሳጥን ባይፈቅድም ጨዋታው አያልቅም። ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ማኅበር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ "ኧርዝካሽ" የሚባል ዓይነት አለ። ሳጥን የለውም። ፈላጊው ቦታው ድረስ ሄዶ አለቱን፣ ወንዙን፣ አፈሩን አይቶ ጥያቄ ይመልሳል። "ይህ አለት ለምን ተደራረበ? ቀዩ መስመር ከምን መጣ?" ለልጅዎ ከሳጥን ያላነሰ ደስታ አለው ብዬ አምናለሁ። ይሄንንም ቢሆን ለፓርኩ ነግረው፣ መቆሚያው መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ መርጠው ያዘጋጁ። ሌላ መላም አለ፦ ፈላጊው ፓርኩ ውስጥ ባሉ ሰሌዳዎች ላይ ያሉ ቁጥሮችን ይሰበስባል፣ በቁጥሮቹ የመጨረሻውን ኮኦርዲኔት ያሰላል፣ ሳጥኑ ግን ከፓርኩ ውጭ ፈቃድ ባገኙበት ቦታ ይቀመጣል። በፓርኩ ውስጥ የሚቀር አንዳች ነገር የለም።

ስለ ልጅዎ። ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። ሳጥኑን ከቢሮ ራሱ ይረከብ። ዛፉ ቀዳዳ ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠባቂውን ይጠይቀው፤ ጠባቂ ለልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ መመለስ የሚጠላ አላየሁም። የአዲሱን ሳጥን ላይ ጽሑፍም እሱ ይጻፈው።

ያ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ነበር ብለዋል። ሳጥኑን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት መሄድ ይችል ነበር። ወረቀት ፈልጎ፣ ጽፎ፣ ተሸክሞ ሄዶ ለእርስዎ የተወ ሰው መነጋገር የሚፈልግ ሰው ነው። ጠዋት፣ ዙር ከመውጣቱ በፊት ይደውሉ። "ዛፉ ውስጥ የነበረው ሳጥን ባለቤት ነኝ። ሳልጠይቅ ማስቀመጤ ጥፋቴ ነው። ሌሎች አራት አሉ፣ የት የት እንዳሉ ልንገርዎትና ላንሳቸው። መቼ ብመጣ ይመችዎታል?" ይበሉት። አራቱን እሱ ከመጠየቁ በፊት እርስዎ ይንገሩት።